በባሌ ጋቢና የሄደችው ሴት

እርጅና ካመጣብኝ ነገር ሁሉ የምወድለት ወንበሩን ነው። ሱዳን አገር ገዳሪፍ ውስጥ ሀፍላ ላይ፣ እዚህ ሰው በሚሳፈርባት ትንሿ አውቶቡስ ላይ ማለቴ ነው፣ ገና እግሬን ሳነሣ አንዱ ጎረምሳ ብድግ ይልና «ተፈደሊ ያ ሐጃ» ብሎ ቦታውን ይለቅልኛል። ሐጅ የት አውቄ! አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ፣ ረቡዕና ዓርብ እየጾምኩ ነው ያረጀሁት። ግን በዚህ አገር ያረጀች ሴት ሁሉ ሐጃ ናት፤ እኔም ወንበሩን ስለምፈልገው አልከራከርም፣ መርቄው ዘርፈጥ ብዬ እቀመጣለሁ። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ወግ የት ነበር! ልጃገረድ ብቻዋን ከተሳፈረች «የማን ልጅ ናት? ሰው የላትም እንዴ?» እየተባለች ነው መንገዱ የሚያልቀው። ስታገባ በባሏ ፈቃድ ትወጣለች፣ ስትወልድ በልጆቿ ጉዳይ ትወጣለች። አሁን የሚከለክለኝ ጉልበቴ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የታከለን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ታከለ ባሌ ነው። እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ሁለት ክረምት አለፈው፤ ከአልጋውና አጠገቡ ካለችው ወንበር አያልፍም። እና መድኃኒቱም፣ ዳቦውም፣ የከተማው ወሬም በኔ እግር ነው የሚመጣለት። ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከተማችን በሰው ታጭቃለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የኛው አገር ሰዎች በስደተኛ መቀበያው በመንደር ስምንት በኩል መጥተው ሞልተውናል። ቤንዚን ሲጠፋ ሀፍላውም ይጠፋል፣ ሲገኝ ደግሞ ሂሳቡ ትናንት የነበረው አይደለም። ድሮ በአንድ ሸሊን ከከተማው ዳር እስከ ዳር ተሂዶ፣ በመልሱ ፉል በዳቦ ይበላ ነበር ብል የልጅ ልጆቼ አያታችን ተረት ጀመረች ይላሉ።

ያኔ ሀፍላው ራሱ ብርቅ ነበር። ከተማው የሚመላለሰው በቦክስ ነው። ቦክስ ማለት ኋላው ክፍት የሆነ መኪና ነው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ተመቶበት፣ ላዩ ሸራ ተወጥሮበት፣ ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጥበታል። ወንዶቹ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ኋላ ብረቱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሴቶቹ ወደ ውስጥ ጠጋ ብለው ዘጠኝ ክንድ ቶባቸውን እየደጋገሙ ይጠመጥማሉ፤ ቶቡ ሐር ይሁን ተራ ጨርቅ ንፋስ ሲመታው ይታወቃል፣ ስለዚህ ባለሐሮቹ ንፋሱን ይወዱት ነበር። ሰሊጥ መጭመቂያው ጋ፣ ያ ግመሉ ዐይኑን ታስሮ ሲዞር የሚውልበት ቤት ጋ ሲደርሱ፣ የትኩስ ዘይት ሽታው ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ታከለ ያኔ የቦክስ ሾፌር ነበር፤ የሱ ቦክስ ካሴት ነበራት። ጎንደር ተቀድቶ በመተማ በኩል በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ተደብቆ የገባ የማሲንቆ ዘፈን ነው፤ ሱዳኖቹ ቃሉ ሳይገባቸው እስክስታውን በትከሻቸው ይሞክሩት ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው። እኔማ መች ተሳፈርኩና!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦክስን ሥርዓት ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን ያለችው ቦታ፣ የሽማግሌ ወይም የሹም ናት። ሴት እዚያ ከተቀመጠች የሾፌሩ እናት ናት፣ አለዚያ ሚስቱ ናት፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ታከለ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ እኔ በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ፤ ከዴማችን፣ ከድሆቹ ሰፈር ማለቴ ነው፣ እስከ ሀብታሞቹ ሰፈር በእግሬ እየተመላለስኩ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ነበር። እግሬን ዐየት አደረገና «ከእንግዲህ የሾፌር ሚስት ነሽ፤ ይሄ እግር መሬት አይነካም። ጋቢናው ያንቺ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ምን ላድርግ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ከሠርጉ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ «የሾፌር ሚስት በባሏ መስመር አትሳፈርም» አለኝ። «ለምን?» ስለው «የአንድ ሰው ቦታ ትይዣለሽ፣ ባለመኪናው ይቆጣል፣ መናኸሪያው መውቀፉ ላይም ይስቁብኛል። ደንቡ ነው» አለ። ደንብ ከተባለ ደንብ ነው። እንዲያውም ኮራሁበት! የሌሎቹ ሾፌሮች ሚስቶች በባሎቻቸው ቦክስ ሽር ብትን ሲሉ ሳይ «ሥርዓት ያልፈጠረባቸው» እያልኩ ከጎረቤቶቼ ጋር ዐማቸው ነበር። የራሴ ባል ቦክስ ከሩቅ ስትመጣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከአቧራው ዳር እይዛለሁ፤ እሱ ክላክስ ያደርግልኛል፣ እኔ እጄን አነሣለሁ። በዚያ ደስ ይለኝ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ።

የሱ መንገድ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከመውቀፍ ሆስፒታሉ ማዶ፣ ከሆስፒታሉ ማዶ መውቀፍ፣ ማታ ቤት። የኔን ግን ያያችሁ! ሲነጋ የውኃ ሰልፍ፣ ከዚያ ልጅ አዝዬ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ታማ ለተኛችው አማቴ ሾርባ ይዤ በሌላ በኩል፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከሱቅ ሥጋው ሳይሸት ሩጫ ወደ ቤት፣ ከሰዓት ክትባት ወይም ለቅሶ ወይም የአራስ ጥየቃ። አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ቦክስ የሚሄደው ወንዶች ሥራ ወደሚሄዱበት ነው፤ ከወፍጮ ቤት ወደ አማት ቤት የሚሄድ ቦክስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሲብስብኝ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ እጫናለሁ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር። አለዚያ በእግር ነው። መሬት አይነካም የተባለው እግር ማለቴ ነው!

ታላቅ እኅቴ ዘነቡ የሞተችው ቁረይሻ ላይ ነው፣ እዚያ ድንበሩ ላይ። የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርን። ምጥ ያዛት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ከዳስ ሥር ተሰቃየች። በዙሪያዋ ስንት ሴት ነበርን፤ የምታውቅ ግን አንድ አልነበረችም። እኔ እጇን ይዤ «አይዞሽ» ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረኝም። ልጁም አልተረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር በዚህች ምድር ላይ የምመኘው፤ አዋላጅ መሆን። ለዚያ ብዬ ነው የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የዐረብኛውን ፊደል የለቀምኩት።

አማረችን በወለድኩ በአራተኛው ወር ሆስፒታሉ ማዶ የአዋላጅ ትምህርት ተከፈተ ተባለ። ስደተኛም ይቀበላሉ፣ ማንበብ ከቻለች ይበቃል፣ አንድ ዓመት ነው፣ በየቀኑ በጠዋት። ከዴማችን እስከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በዚያ ፀሐይ ጡት የምትጠባ ልጅ ታዝሎ ሄዶ፣ ውሎ፣ ተመልሶ የሚሆን አይደለም። የታከለ ቦክስ ግን በሩ ላይ ነው የምትዞረው! ማታ እግሩን እያጠብኩት ነገርኩት።

«እዚያ ስታልፍ እስቲ ጠይቅልኝ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ሚስቴ መማር ትፈልጋለች በልልኛ። አማረችን ይዣት ብመጣ ምን ይላሉ? ያን አንድ ዓመት ብቻ ደንቡን ጥሰህ ብትወስደኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም።»

«ነገ እጠይቃለሁ» አለ።

በማግስቱ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ገባ። ሐብሐቡን ሳይ ገባኝ፤ ታከለ መጥፎ ወሬ ሲይዝ ባዶ እጁን አይመጣም። «የምታጠባ ሴት አንቀበልም አሉ። ልጅ ያላት ታቋርጣለች፣ ቦታ ታባክናለች ይላሉ። ማሊሽ፣ የሺ» አለኝ። ማሊሽ «ይቅርታ፣ አይዞሽ» እንደ ማለት ነው፣ የሺ ደግሞ ስሜ ነው። አለቀስኩ፤ እሱ ሐብሐቡን ቆርጦ መሐሉን፣ ጣፋጩን መረጠልኝ። በኔ ኀዘን እንዳያዝን ብዬ እንባዬን ጠርጌ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አንሥቼበት አላውቅም። አማረች ጡት ስትተው ሁለተኛዋ መጣች፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ትምህርቱም ተዘጋ። ሰፈር ውስጥ ምጥ ሲሰማ ውኃ አፍልቼ አቀብላለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ።

እንግዲህ ማክሰኞ መድኃኒቱን ገዝቼ በሀፍላ እየተመለስኩ ሳለ ነው አንዲት በኔ ዕድሜ ያለች ሴት መጥታ አጠገቤ የተቀመጠችው። ነጭ ቶብ ለብሳለች፣ ጉልበቷ ላይ የቆዳ ቦርሳ አለ። በስልክ በአማርኛ ታወራለች። «ምጡ አሁን በስንት በስንት ደቂቃ ነው? እንዳታስምጧት! ትተንፍስ። መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ልቤ አላስቻለኝም።

«አዋላጅ ነሽ እኅቴ?» አልኳት።

«ጡረታ ወጣሁ ብዬ ነበር፣ ማን ያስቀምጠኛል! ከመንደር ስምንት የመጣች ልጅ ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው» አለች። ሉባባ እባላለሁ አለችኝ፣ የመተማ ሰው ናት። በአጨዳ ጊዜ እየሄደች ቁረይሻ ሜዳ ላይ ስንቷን እንዳዋለደች እየሳቀች አወራችኝ። ቁረይሻ ስትል ዘነቡን እያሰብኩ ወደሷ ዞርኩ።

«የት ተማርሽው?»

«እዚሁ፣ ሆስፒታሉ ማዶ። መጀመሪያ ከገቡት ነኝ።»

«ያኔ ልጅ አልነበረሽም ማለት ነው?»

«ኧረ ነበረኝ እንጂ! የአምስት ወር ነበረች። ግማሾቻችን እኮ አራስ ነበርን። አስተማሪያችን በየልጆቻችን ላይ ነበር እጃችንን የምታለማምደን፣ ጡት የሚጠባ ያላት ብትቀር ትቆጣ ነበር።»

ይሄኔ ተሳስታለች፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ታዲያ ልጅ ይዘሽ እንዴት ትመላለሽ ነበር? ባልሽ ያደርስሽ ነበር?»

«ባሌማ ሀዋታ እርሻ ላይ ነበር፣ በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው። አንድ የኛ አገር ሾፌር ነበር፣ አላህ ይስጠው። የመጀመሪያ ቀን ልጅ አዝዬ በፀሐይ ስሄድ አየኝና ቆመ። የምሄድበትን ነገርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ጋቢና አስቀምጦ ወሰደኝ። አንድ ቀን ሂሳብ ተቀብሎኝ አያውቅም። ስወርድ ልጄን ተቀብሎ ይይዝልኛል፣ ቦርሳዬን ያቀብለኛል። በመስመሩ ያለ ሰው ሁሉ ሚስቱ እመስለው ነበር፣ የሾፌሩ ሚስት እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ እሱም ይስቃል እንጂ አይክድም!» ብላ ሳቀች። «ወንበሩስ ብትይ! ወፎች የተጠለፉበት ልብስ ነበረው። ልጄ የወፎቹን ዐይን በጣቷ ስትነካካ ነበር የምትሄደው። አንዷ ወፍ ዐይን አልነበራትም፣ እሷ ጋ ስትደርስ ትገረም ነበር።»

ጥቁር ክር አልቆብኝ ነው ዐይን ያልሠራሁላት። ከሠርጌ በፊት በነበረው ወር፣ ጋቢናው ያንቺ ነው ሲለኝ ጊዜ፣ ለምቀመጥበት ወንበር ብዬ ራሴ ነኝ የጠለፍኩት። አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኳት፣ የማውቀውን።

«ታከለ። ይኑር አይኑር እንጃ። ካለ አላህ ዕድሜ ይስጠው። እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ሚስቱ ምንኛ ዕድለኛ ናት እል ነበር።»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እኔ ነኝ ልበላት? ሴትዮዋ ምን አደረገችኝ? ወራጅ ብላ ቦርሳዋን ይዛ፣ በዚያ ዕድሜዋ እንደ ልጃገረድ ዘላ ወረደች፤ የምትጠብቃት ሴት አለቻ። መስኮቱን ይዤ እስክትጠፋ አየኋት።

እውነቱን ልናገር፤ ቅናት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወዷት ከሆነ ሰው ነው፣ ልጅነት ነው፣ ወንድ ነው ብዬ በሆነ መንገድ እውጠዋለሁ። ግን ስለሱ ስታወራ ፊቷን አይቻለሁ፣ ነውር የለበትም፤ ንጹሕ ምስጋና ነው። ደግ ስለሆነ ነው የወሰዳት። አዝኖላት ነው! ልጅ ያዘለች ሴት በፀሐይ ስትሄድ ዐይቶ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው! በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ፀሐይ፣ በዚያው መንገድ ዳር ልጅ አዝዬ የምሄደውን እኔን ክላክስ እያደረገ ያልፈኝ ነበር። አማረች ስትሞቃት በጀርባዬ ታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ሉባባ ነበረች ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ መስተዋቱ ላይ ፀሐይ ሲያብለጨልጭ እያየሁ እጄን አነሣለሁ። አቤት ሞኝነቴ!

ቤት ስገባ ታከለ ከወንበሩ ላይ ሬዲዮውን ይጎረጉራል። «ቆየሽ» አለኝ። መድኃኒቱን ሰጠሁት፣ ውኃ አቀበልኩት፣ እስኪውጠው ጠበቅሁ። ሊያንቀው ይችላል ብዬ ነው፣ እንዲህ ሆኜም እሳሳለታለሁ።

«ሉባባን ታስታውሳታለህ?» አልኩት።

ፊቱ በራ! ስንት ወር ያላየሁት ፈገግታ ነው። «ሉባባ! ያቺ አዋላጅ! አለች? ጨረሰች እኮ፣ ጎበዝ ነበረች፣ ልጇም...» ሲል ፊቴን አየና አቆመ። ሬዲዮውን ዘጋው።

«የምታጠባ አይቀበሉም ያልከኝ፣ ጠይቀህ ነበር?»

ይዋሻል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲዋሸኝም ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«አልጠየቅሁም» አለ።

«ለምን ታከለ? ምን በድዬህ?»

«ምን ትበድይኛለሽ! አንቺ ብትሄጂ እናቴን ማን ያያት ነበር? ውኃው፣ ወፍጮው፣ ልጅቷ፣ ማን ይሄድላቸው ነበር?»

«የሉባባስ ቤት? እሷ ውኃ አትቀዳም? ወፍጮ አትሄድም?»

«እሱ የኔ ቤት አይደለማ» አለ።

ተናዶ አይደለም፣ ሊያቆስለኝም ፈልጎ አይደለም። እንዲያው እንዴት ይሄ አይገባሽም በሚል ድምፅ ነው የተናገረው። ቀጥሎም እጁን ዘርግቶ ቀሚሴን ያዝ አደረገና «ደግሞ እኮ የሺ፣ አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ። አልቅሰሽ ተውሽው። ሁለተኛ ብትጠይቂኝ እወስድሽ ነበር» አለኝ።

ይሄን ከሚለኝ ምላሱ ቢያያዝ ይሻለኝ ነበር። እንዳያዝን ብዬ ዝም ያልኩበትን ዕድሜዬን ሁሉ የኔ ጥፋት አደረገው። እጁን ከቀሚሴ አስለቅቄ ወጣሁ። ነጠላዬንም አልያዝኩ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ አንድ ጺሙ የሸበተ ባለረክሻ ባለሦስት እግር መኪናውን አቁሞ «ያ ሐጃ፣ ወዴት ላድርስሽ?» አለኝ። ገባሁና ተቀመጥኩ። መሄድ ነበር የፈለግሁት፣ መሄድ ብቻ።

«ወዴት?» አለኝ እንደገና፣ በትሕትና።

አሰብኩ። ሱቅ ልበል? ሽንኩርቱም ዳቦውም ቤት አለ። ፋርማሲ? አሁን መምጣቴ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የአማቴ ቤት የነበረው ሰፈር፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፤ የከተማውን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ለራሴ ብዬ የሄድኩበት አንድ ቦታ ፈለግሁ። ሰውዬው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ፣ ከኋላ የሚጮሁበትን ባለመኪኖች በእጁ እያሳለፈ። አጣሁ።

«ማሊሽ ወንድሜ፣ የምሄድበት የለኝም» ብዬ ወረድኩ። ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ታከለ እራቱን ሳይበላ ይጠብቀኝ ነበር።